«ቤት ተቀመጡ» ሲባል ቤት ውስጥ ምን ነበር?

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና ቫይረስ ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጊዜ አብቅቷል ብሎ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በሜይ 5 ቀን 2023 ነበር። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቻችን ጭንብላችንን ጥለን ስለዚያ ዘመን ማንሳት ትተናል። በአማኞች መካከል ግን አንድ ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እርሱም «የአምልኮ ቤቶችን መዝጋት፣ ሰውንም በየቤቱ ማስቀመጥ ትክክል ነበረ ወይስ አልነበረም?» የሚለው ነው። አንደኛው ወገን መዝጋቱ የእምነት ማነስ ነበር ይላል፤ ሌላው ደግሞ በዚያን ጊዜ ባልንጀራን መውደድ ማለት መራቅ ነበር ይላል። ለሁለቱም ወገን ጥቅስ አይጠፋም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ወደዚያ ክርክር መመለስ አልፈልግም። ክርክሩ የጋረደብን ሌላ ጥያቄ አለና እስቲ እርሱን አብረን እንመልከት።

ሰዎች «ቤት ተቀመጡ» ሲባሉ ቤታቸው ውስጥ ምን ነበራቸው? ያው አንዱ ትእዛዝ ደመወዙ ሳይቋረጥ በኮምፒዩተር ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ነው፤ የዛሬውን ሠርቶ የዛሬውን ለሚበላ የቀን ሠራተኛ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የየአገሩን ገደብ ጥብቀት ብቻ እያወዳደርን «እነ እገሌ ዘጉ፣ እነ እገሌ አልዘጉም» ብንል ሰዎቹ እንዴት እንደሆኑ አናውቅም። ከገደቡ በታች ምን ተዘርግቶ እንደነበረ፣ ይልቁንም ወረርሽኙ ሳይመጣ በፊት ተዘርግቶ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ

ከሕንድ እንጀምር። በማርች 24 ቀን 2020 ምሽት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በቴሌቪዥን ቀርበው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ አገሪቱ በሙሉ እንደምትዘጋ ተናገሩ። ከንግግሩ እስከ መዘጋቱ የነበረው ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ባቡርና አውቶቡስ ቆመ፤ ግንባታ ቆመ፤ ፋብሪካ ተዘጋ። ከገጠር መጥተው በትልልቅ ከተሞች በቀን ሥራ ይኖሩ የነበሩ ሚሊዮኖች የቤት ኪራይ የሚከፍሉበትም የሚበሉበትም አጡ። ሻንጣቸውን በራሳቸው ላይ፣ ልጆቻቸውን በትከሻቸው ላይ አድርገው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ትውልድ መንደራቸው ሲጓዙ የሚያሳዩትን ፎቶግራፎች ሳታዩ አትቀሩም።

ሕንድ ምንም ዓይነት የድሆች መርጃ ያልነበራት አገር ብትሆን ኖሮ ነገሩ አያስገርምም ነበር። ነገር ግን ሕንድ በዓለም ካሉት ሁሉ ሰፊ የሆነ የእህል ማከፋፈያ ሥርዓት አላት። በዚያው ጊዜ መንግሥት 800 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው በወር 5 ኪሎ እህል በነጻ እንዲሰጥ አዘዘ። ታዲያ እነዚያ ሰዎች ለምን በእግራቸው ሄዱ? ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው፤ የብዙዎቹ የራሽን ካርድ የተመዘገበው በትውልድ መንደራቸው ነበር። እነርሱ ያሉት ሙምባይ ወይም ዴልሂ፣ እህላቸው ያለው ደግሞ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ። እህሉ ጎተራ ውስጥ ነበር፤ ስማቸውም መዝገብ ላይ ነበር፤ ግን በሌላ ቦታ። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል ኡጋንዳን እናገኛለን። ኡጋንዳ ወረርሽኙን ገና በጅምሩ አጥብቃ ከተቆጣጠሩት አገሮች አንዷ ነበረች። በ2020 የጸደይ ወራት በሽታው ገና ብዙ ሰው ሳይገድል የሕዝብና የግል ተሽከርካሪ ተከለከለ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ። መንግሥት በካምፓላና በአካባቢዋ የበቆሎ ዱቄትና ባቄላ ማከፋፈል ቢጀምርም፣ ፖለቲከኞች በየግላቸው ምግብ እንዳያድሉ፣ ርዳታ ያለው ሰው ለብሔራዊው ግብረ ኃይል እንዲያስረክብ ታዘዘ። አንድ የፓርላማ አባልም ለመራጮቹ ምግብ በማከፋፈሉ ታስሯል። ሰው ተሰብስቦ እንዳይተላለፍበት ነው የሚለው ምክንያት ፈጽሞ የማይረባ አልነበረም። ሆኖም ለተራበ ጎረቤት ዱቄት ይዞ መሄድ የሚያስጠይቅበት ጊዜ መጣ ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነው። የኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች በማርች 2020 ተዘግተው ለሁሉም ተማሪዎች በሙሉ የተከፈቱት በጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ነው። በመካከሉ የተወሰኑ ክፍሎች ገብተው ወጥተዋል፤ ለብዙዎቹ ሕፃናት ግን ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነው፤ 15 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን የነካ። መሬት ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ እርሻ፣ የሌላቸው ወደ ጎዳና ንግድ አሰማሩ። ብዙ ልጃገረዶችም ወልደው ወይም ተድረው ወደ ክፍላቸው ሳይመለሱ ቀሩ። ቤቱ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ያለበት የካምፓላ ልጅ ግን በዚያው ጊዜ ትምህርቱን ቀጥሎ ነበር።

ስላልዘጋችው አገር

«ስዊድን አልዘጋችም፤ ምን ሆነች?» የሚል ክርክር ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ስዊድን ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ትምህርት ቤት አልዘጋችም፤ ሰውንም በግዳጅ ቤት አላስቀመጠችም። በመጀመሪያው ማዕበል በአረጋውያን መጦሪያዎች ብዙ ሰው ሞቶባታል። ጉዳዩን እንዲመረምር የተሾመው ኮሚሽንም አረጋውያንን መጠበቅ አለመቻሉን በዲሴምበር 2020 በግልጽ ተናግሯል። ይኸው ኮሚሽን በፌብሩዋሪ 2022 ባወጣው የመጨረሻ ዘገባ ደግሞ፣ ከግዳጅ ይልቅ በምክር ላይ የተመሠረተው መንገድ በመሠረቱ ትክክል እንደነበረ፣ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጠን ያለና ጠንከር ያለ እርምጃ ያስፈልግ እንደነበረ ገልጿል። የ2020 እስከ 2022 ዓመታት አንድ ላይ ሲታዩ ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው ቁጥር በስዊድን ከአውሮፓ አገሮች ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ስዊድንን የሚጠቅሱት ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። በስዊድን ሕግ የታመመ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን ላይ ተቀናሽ ነበረበት። መንግሥት በማርች 2020 ያንን ተቀናሽ ራሱ መሸፈን ጀመረ። ይህም ማለት ጉሮሮው የከረከረው የአውቶቡስ ሹፌር ወይም የመጦሪያ ሠራተኛ «አንድ ቀን ብቀር ኪሴ ይጎዳል» ሳይል ቤቱ መቅረት ይችል ነበር። «ካመማችሁ ቤት ተቀመጡ» የሚል ምክር ያለ ፖሊስ ሊሠራ የቻለው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ይህን ሳይዙ የስዊድንን ነጻነት ብቻ ወደ ሌላ አገር ማዛወር አይቻልም።

ገንዘብ ብቻውን ሁሉን ይፈታል ለማለትም አይደለም። ብራዚል በ2020 ከ60 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች በወር 600 ሬያል የአስቸኳይ ጊዜ ድጎማ ሰጥታ ድህነት ለጊዜው እስከ መቀነስ ደርሷል። ፕሬዚዳንቷ ግን በሽታውን ያቃልሉ ነበር፤ በአገሪቱ በአጠቃላይ ከ700,000 በላይ ሰው ሞቷል። በዚያ እንጀራው ነበረ፤ ጥንቃቄው አልነበረም።

አሜሪካ ያሉ አንባብያን ደግሞ የራሳቸውን ያስታውሳሉ። በማርች 27 ቀን 2020 በፀደቀው ሕግ ለአንድ አዋቂ 1,200 ዶላር፣ ለአንድ ልጅ 500 ዶላር ተሰጠ፤ በሥራ አጥነት ክፍያ ላይም እስከ ጁላይ መጨረሻ በሳምንት 600 ዶላር ተጨመረ። ከዚያ በፊት ሥራ አጥነት ክፍያ የማይመለከታቸው በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ ታክሲና ኡበር የሚነዱ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካተቱ። በአንጻሩ ከባልና ሚስት አንዱ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌለው አብረው ግብር ያሳወቁት ቤተሰብ በመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ ይቀር ነበር፤ ይህ የተስተካከለው በ2020 መጨረሻ ነው።

በ2021 ሁለተኛ አጋማሽ ለልጆች በየወሩ የሚሰጥ ክፍያ ተጀመረ፤ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ 300 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለ 250 ዶላር። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ርዳታዎችን አስገብቶ በሚሠራው መለኪያ የሕፃናት ድህነት በዚያ ዓመት 5.2 በመቶ ሆነ። ክፍያው በዲሴምበር 2021 ቆመ። በ2022 ቁጥሩ 12.4 በመቶ ደረሰ። ልጆቹ እነዚያው ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸውም በአንድ ዓመት ውስጥ ሰነፍ አልሆኑም። ድህነትን የባሕርይ ጉዳይ ብቻ አድርገን ከመድረክ ለምንናገር ሰዎች ይህ ቁጥር ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው።

በአገራችን የሆነው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከመጋቢት 28 ጀምሮ ለአንድ ወር በቴሌቪዥን የሚተላለፍ አገር አቀፍ ጸሎት ተያዘ፤ በመጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስብሰባ ተከለከለ፤ ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ ወንበር እንዲጭኑ ታዘዙ። አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ ቀጣሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ደንቡ ከለከለ። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በወቅቱ የሰጡት ምክንያት ብዙ ዜጎች የሚቀመጡበት ቤት እንኳ የላቸውም፣ ያላቸውም ቢሆኑ በቀን ገቢ ነው የሚኖሩት የሚል ነበር። በዚህ ላይ የፖለቲካ አስተያየታችን የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ምክንያቱ ልክ ነበር ባይ ነኝ።

ከዚያስ ምን ሆነ? በአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ በፊት በ2019 ያጠኗቸውን ቤተሰቦች ከዓመት በኋላ በ2020 ክረምት በስልክ እንደገና ጠየቋቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገቢያችን ቀንሷል አሉ። የሚበሉት ምግብ ግን በአማካይ ብዙም አልቀነሰም ነበር። ገበያው ስላልተዘጋ፣ ጉልቱም ስለቀጠለ፣ ሰው ያለውን አብቃቅቶ ከረመ። በእርግጥ አማካይ የሚባለው ነገር ጓዳውን ሁሉ አያሳይም።

ከሁሉ በላይ ልታውቁት የሚገባኝ የምላችሁ ግን የገጠሩ ጥናት ነው። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ፣ የምግብ እጥረት በሚያጠቃቸው ወረዳዎች ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በሥራ፣ አቅመ ደካሞች ደግሞ ያለ ሥራ፣ ገንዘብ ወይም እህል ሲያገኙበት የነበረ ፕሮግራም ነው። ስንት ጊዜ ታምቷል! «ሰውን ለማኝ አደረገ» ተብሏል፤ «ክፍያው ይዘገያል» ተብሏል፤ ሁለተኛው ሐሜት እውነትነት አለው። ኪብሮም አባይ፣ ጉሽ ብርሃነ፣ ጆን ሆዲኖትና ኪብሮም ታፈረ የተባሉ ተመራማሪዎች በጁን 2020 በስልክ ባደረጉት ጥናት ያገኙት ይህን ነው፤ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ የምግብ ዋስትና ያጡ ቤተሰቦች ድርሻ በ11.7 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ። በሴፍቲኔቱ ውስጥ በነበሩት ቤተሰቦች ግን ጭማሪው 2.4 ብቻ ነበር።

እስቲ ይህን ወደ ሰው ቋንቋ እንመልሰው። ከመቶ ቤተሰብ አሥራ ሁለት የሚጠጉት አዲስ ወደ ረሃብ ሲገቡ፣ መረቡ በተዘረጋበት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው የገቡት። ያውም እነዚህ ከመጀመሪያው ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ድሆች ተብለው የተመረጡ ናቸው። ያዳናቸው ለኮሮና ተብሎ የተፈለሰፈ አዲስ ነገር አልነበረም። አሥራ አምስት ዓመት የኖረ፣ ጉድለቱ የታወቀ፣ ስም የያዘ መዝገብና በልማድ የሚከፈል ክፍያ ነው። በከተሞችም ከ2016 ጀምሮ በ11 ከተሞች ይሠራ በነበረው ተመሳሳይ ፕሮግራም፣ ተጠቃሚዎች ከጽዳትና ከመሰል ሥራቸው እንዲያርፉ ተደርጎ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ ተሰጣቸው። መዝገቡ ስለነበረ በቶሎ ተቻለ።

በዚያው ሰሞን «ማዕድ ማጋራት» የሚል ጥሪ ተላልፎ ብዙ ምእመናን ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ይዘው ተሰልፈዋል። ያንን ማቃለል አልፈልግም፤ ብዙ ቤት ደርሷል። በዓለም ደረጃም በ2022 የወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት እንዳሳየው፣ መለገስ፣ በፈቃድ ማገልገልና የማያውቁትን ሰው መርዳት በ2021 ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው በአማካይ ወደ 25 በመቶ ጨምሮ ነበር። ሆኖም ማዕዱ የደረሰው በአብዛኛው ለሚታየው ድሃ ነው። ሥራው ቆሞ ለመለመን የሚያፍረው አስተናጋጅ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህር፣ በር ዘግቶ የሚቀመጥ ተከራይ ማንም መዝገብ ላይ አልነበረም።

መረብ የሌለበት ቦታ

በጁን 2020 በቤሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ በቀጣሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው የተጣሉ እኅቶቻችንን ሁላችን አይተናል። ሊባኖስ በዚያን ጊዜ ከወረርሽኙ በተጨማሪ ገንዘቧ ወድቆ ነበር፤ ቀጣሪዎች ዶላር መክፈል ሲያቅታቸው የሠሩበትን እንኳ ሳይሰጡ አውጥተው መንገድ ላይ አስቀመጧቸው። በካፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከቀጣሪው ጋር የታሰረ ነው፤ ከዚያ ቤት ሲወጡ ሕጋዊነታቸውም አብሮ ይወጣል። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። ለእነዚህ እኅቶች «ቤት ተቀመጡ» የሚለው ትእዛዝ ትርጉም አልነበረውም፤ ቤቱ የሰው ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያም በዚያው ዓመት በኤፕሪል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ የተባበሩት መንግሥታት በወረርሽኝ ጊዜ ማባረሩ እንዲቆም ጠይቆ ነበር።

አሁን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ልንገራችሁ። በኤፕሪል 2020 የዓለም ባንክ በውጭ አገር ያሉ ሠራተኞች ወደ ታዳጊ አገሮች የሚልኩት ገንዘብ በ20 በመቶ ያህል ይወድቃል ብሎ ተንብዮ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የወደቀው 1.6 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባንኩ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የበለጸጉት አገሮች ለነዋሪዎቻቸው የሰጡት ድጎማ ነው። ለአንድ ሾፌር ቨርጂኒያ ውስጥ የደረሰው 1,200 ዶላር ከፊሉ ሆሳዕና ወይም ደሴ ላለች እናት ደርሷል ማለት ነው። ይህን ያቀደ መንግሥት የለም፤ «እማዬ ምን በላች?» ብሎ የሚደውል ልጅ እንጂ።

ስለ ልብም

እስካሁን ስለ እንጀራ ብቻ አወራን። የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2022 እንዳስታወቀው፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ 25 በመቶ ጨምሯል፤ ወጣቶችና ሴቶች ይበልጥ ተጎድተዋል። በእኛ ባህል ሐዘንን የምንወጣው በሰው ብዛት ነው። የዕድር ድንኳን ይተከላል፤ ሰው ይተኛል፤ ምግብ ከየቤቱ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ለብቻው አይተውም። ገደቡ የቆረጠው ይህንን ነው። ዕድሩ ገንዘቡን ሊከፍል ይችል ነበር፤ ሰውን ግን መላክ አልቻለም። እናታቸውን በጥቂት ሰው ቀብረው፣ ወይም ከባሕር ማዶ በስልክ ቀብሯን አይተው የቀሩ ምእመናን ዛሬም በየጉባኤው አሉ። ይህ በገንዘብ ድጎማ የሚሸፈን አይደለም፤ በወቅቱ በየቀኑ ስልክ የሚደውል አንድ ሰው የተመደበለት ሐዘንተኛ ግን ካልተመደበለት የተሻለ ነበር።

ወደ መዝገቡ እንመለስ

የሕንዱን የራሽን ካርድ በልባችሁ ያዙልኝ ብዬ ነበር። ከእርሱ ጎን ቶጎን አስቀምጡ። ይህች ትንሽ የምዕራብ አፍሪካ አገር በኤፕሪል 8 ቀን 2020፣ ኢትዮጵያ አዋጇን ባወጀችበት በዚያው ዕለት፣ «ኖቪሲ» የተባለ ክፍያ ጀመረች። ሰዎች በተራ ሞባይል ይመዘገባሉ፤ ገንዘቡ በዚያው ስልክ ይደርሳቸዋል፤ ለሴቶች ትንሽ ይበልጣል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ደረሰው። ማን ምን እንደሚሠራ በምን አወቁ? በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ምርጫ ስለነበራቸው የመራጮች መዝገባቸው አዲስ ነበር፤ መዝገቡም የሰውን ሥራ ይዟል። ለድምፅ ተብሎ የተጻፈ ስም ለእንጀራ ዋለ። በእኛ አገር ቴሌብር ሥራ የጀመረው በሜይ 2021 ነው፤ በ2012ቱ ጸደይ እንዲህ ያለ መንገድ በእጃችን አልነበረም። ዛሬ ግን አለ።

የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ይህን ነገር የምታውቀው ይመስላል። በሐዋርያት ሥራ 6 የተነሣው ጠብ ልግስና ጠፍቶ አልነበረም፤ ከዕለቱ ዕደላ የተዘለሉ መበለቶች ስለነበሩ ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት መበለቶች የሚጻፉበት መዝገብ እንደነበረ እናነባለን። በአንጾኪያ ያሉ ደቀ መዛሙርትም አጋቦስ ራብ ይሆናል ብሎ ሲናገር እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው መድበው ላኩ።

በየአጥቢያችን ያለው መዝገብ ግን ብዙውን ጊዜ የአባላት መዝገብ ነው፤ ተጠምቆ፣ አስራት እየከፈለ የሚቆይ ሰው የሚጻፍበት። በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይረው ተከራይ፣ እሑድ ፈቃድ ስታገኝ ብቻ የምትመጣው የቤት ሠራተኛ፣ ከሌላ ከተማ ተፈናቅሎ ከበር አጠገብ የሚቀመጠው ሰው እዚያ ላይ የለም። ገንዘቡም በአብዛኛው እሑድ በእጅ የሚሰበሰብ ስለሆነ፣ በሩ በተዘጋበት ሰሞን ከረጢቱም አብሮ ተዘጋ። የአጥቢያችሁ ሽማግሌዎች የቀጣዩን ዓመት በጀት ለመሥራት ሲቀመጡ ሁለት ነገር ጠይቋቸው፤ ለችግር ቀን ተብሎ በየወሩ ሳይነካ የሚቀመጥ ገንዘብ አለ ወይ? በዲያቆናቱ እጅ ያለው መዝገብስ አባል ያልሆኑትን ሰዎች ስም፣ ስልክና የሚሠሩትን ሥራ ይዟል ወይ?